ሳንቃውን ማን አስቀመጠው?

በገነተ ማርያም ለአባቶች፣ ለመምህራን፣ ለአስጎብኚዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምነግራችሁ በረዶ ላይ ለመሄጃ ስለተሠራ ሳንቃ፣ ያንንም ሳንቃ ሰብስቦ ስላስቀመጠ ሙዚየም ነው። ሳንቃው ስኪ ይባላል። ሙዚየሙ ያለው ኖርዌይ ውስጥ፣ ከኦስሎ ከተማ ከፍ ብሎ ሆልመንኮለን በሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ አንድ አባት፣ ውርጭ ገብስ ሲመታ እንጂ ሰው ሲያጫውት አይተው እንደማያውቁ ነግረውኛል። እውነታቸውን ነው። እዚያም ቢሆን ግን ጨዋታ የሆነው ኋላ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት ስኪ የአዳኝ፣ የእንጨት ቆራጭ፣ ለቀብር የሚሄድ ጎረቤት እግር ነበር። ሙዚየሙን ስጎበኝ ልቤን የያዘው የዋንጫው ብዛት አይደለም። ድሃ ገበሬ በመጥረቢያ ጠርቦ የሠራው፣ ሲሰበር እሳት ውስጥ የሚገባ እንጨት መስተዋት ቤት ውስጥ እንዴት ገባ? ማን አስገባው? ምን ፈልጎ? ከዚያ ተራራ ወደዚህ ተራራ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የውጭ አገሩን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጠራለሁ። ስትሰሙ እንዳትደናገሩ።

ነገሩን ከእንጨቱ ልጀምር። ሰው ጥልቅ በረዶ ላይ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ በጫማው ስፋት ላይ ስለሚያርፍ ይሰምጣል። ከእግሩ ሥር ረጅም ሳንቃ ካሰረ ግን ክብደቱ ይበተንና በረዶው ይሸከመዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ወደ ፊት እየተንሸራተቱ ወደ ኋላ አለመንሸራተት ነው፤ በተለይ ዳገት ላይ። ለዚህ የጥንት ሰዎች ያገኙት መላ ቁርበት ነው። ከሳንቃው ሥር የእንስሳ ቁርበት ከነጠጉሩ ያለብሱታል። ጠጉሩ ወደ ኋላ እንዲተኛ ተደርጎ ስለሚያያዝ ወደ ፊት ሲሄዱ ይለዝባል፣ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ ይቆማል፤ በረዶውን ይይዘዋል። በእስያ መካከል፣ በአልታይ ተራሮች የሚኖሩ አዳኞች የፈረስ ቁርበት የለበሰ ስኪ ዛሬም በእጃቸው ይሠራሉ። በሰሜን አውሮፓ ደግሞ አንዱ ስኪ ረጅም፣ ሌላው አጭር የሚሆንበት ዘመን ነበር፤ በረጅሙ ይንሸራተታሉ፣ ቁርበት በለበሰው አጭር ይገፋሉ። ዱላውም እንደዛሬው ሁለት አልነበረም። አንድ ነበር።

ዕድሜውን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። በሰሜን ሩሲያ ቪስ በሚባል ቦታ ከረግረግ የወጣ የስኪ ስባሪ ስምንት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከጫፉ ሥር የአጋዘን ዘመድ የሆነ ትልቅ የዱር እንስሳ ራስ ተቀርጾበታል፤ ሊቃውንቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሳንቃው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ማቆሚያም እንደነበረ ያስባሉ። በስዊድን ካልቭትሬስክ በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1924 ከመሬት የወጣው ስኪ ደግሞ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። አብሮት የተገኘው ዱላ ጫፉ እንደ ላይዳ የሰፋ ስለሆነ ለመደገፊያም፣ በረዶ ለመዛቂያም ያገለግል ነበር። በኖርዌይ ሰሜን ሮዶይ በሚባል ቦታ ዐለት ላይ የተቀረጸ፣ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ያለው፣ ረጃጅም ሳንቃዎች ላይ የቆመ ሰው አለ። ያ ምስል እ.ኤ.አ. በ1994 በሊልሃመር ለተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ምልክቶች መነሻ ሆኖ በዓለም ዞሯል።

ከሁሉ ግን እኔ የምወደው የዲገርቫርደንን ታሪክ ነው። ዲገርቫርደን በኖርዌይ ያለ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እየቀለጠ ካለ የበረዶ ግግር ጫፍ አንድ ነጠላ ስኪ ተገኘ፤ 1,300 ዓመት ገደማ የሆነው። የተራራውን በረዶ የሚከታተሉት ተመራማሪዎች ጓደኛው እዚያው ሊኖር ይችላል ብለው ዓመት ቆጥረው ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በረዶው ተጨማሪ ሲሸሽ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጥቂት ሜትር ርቆ ብቅ አለ። እግር የሚታሰርበት ጠፍርና የእንጨት ማሰሪያው ሳይቀር ነበረበት። ባለቤቱ ስኪውን ሲጠግነው የኖረ መሆኑ ይታያል። አንድ ሰው ከ1,300 ዓመት በፊት ያን ተራራ ሲያቋርጥ ሳንቃዎቹን ጥሎ ሄደ ወይም እዚያው ቀረ። የሚያሳዝነው፣ እንጨቱን ሲጠብቅለት የኖረው በረዶ ራሱ እያለቀ መሆኑ ነው። የአየሩ መሞቅ ለተመራማሪዎቹ ዕቃ እየሰጣቸው፣ የዕቃውን ጎተራ እየወሰደባቸው ነው። እዚህ ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ የሚኖር ሰው ነገሩ አይርቀውም፤ እርሻው ወደ ላይ ወደ ጓሳውና ወደ ጅብራው እየተጠጋ መሄዱን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንግባ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ለስኪ ብቻ ከተቋቋሙት የዓለም ሙዚየሞች ቀዳሚው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ አሁኑ ቦታው ተዛወረ፤ ይኸውም ከትልቁ የስኪ መዝለያ ማማ ሥር፣ ዐለቱ ውስጥ። እንግዶቹ ዐለት ውስጥ መግባቱን እንደ ብርቅ ሲያዩት እኔ ውስጤ ስቄአለሁ። ለገነተ ማርያም ልጅ ከዐለት በር መግባት የእሑድ ልማዱ ነው።

ከላይ ያለው መዝለያ በዓለም የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ውድድር እዚያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1892 ሲሆን ማማው ብዙ ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል፤ የአሁኑ ለ2011ዱ የዓለም ሻምፒዮና የቆመ የብረት ማማ ነው። ተወዳዳሪው ከላይ ቁልቁል ተንሸራቶ ይመጣና ከጠርዙ ሲለቅ ከመቶ ሜትር በላይ በአየር ሄዶ ያርፋል። ሴቶች ለረጅም ጊዜ ተከልክለው ኖረው በኦሊምፒክ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ማፈሪያ ነው፤ እልፋለሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ክኑድ በርግስሊየን የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1869 የሣለው ነው። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በስኪ በረዶውን እየሰነጠቁ ይሮጣሉ፤ አንደኛው ሕፃን ታቅፏል። ታሪኩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1206 ነው። ኖርዌይ በዙፋን ጠብ እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን የንጉሥ ልጅ ሆኮንን ከጠላት ለማሸሽ ሁለት ወታደሮች በክረምት ተራራ አሻገሩት። ልጁ አድጎ ነገሠ፣ አገሪቱንም አረጋጋ። ዛሬ በየዓመቱ ሬና ከሚባል ቦታ እስከ ሊልሃመር 54 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመረ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያንስ 3 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሻንጣ በጀርባው መያዝ ግዴታው ነው፤ ስለ ሕፃኑ መታሰቢያ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ታሪክን ደረት ነፍቶ መተረክ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል አሸክሞ 54 ኪሎ ሜትር ማስኬድ ግን ታሪኩን ወገብ ውስጥ ያስገባዋል።

ዓመቱን ልብ በሉ፤ 1206። ያኔ በዚህ አገር ንጉሥ ላሊበላ በዙፋኑ ላይ ነበር። ሆኮን በሞተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደግሞ በ1262 ዓ.ም. ዐፄ ይኩኖ አምላክ ነገሠ፤ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን መፈልፈል ከስሙ ጋር የምናያይዘው፣ ምስሉም ግድግዳዋ ላይ ያለው ንጉሥ። እንግዲህ ልዩነቱን እዩት። የሆኮንን መሸሽ የሚያሳየው ሥዕል ነገሩ ከሆነ ከስድስት መቶ ስልሳ ዓመት በኋላ በምናብ የተሣለ ነው። የይኩኖ አምላክ ምስል ግን እሱን በሚያውቅ ዘመን ወይም ለዚያ በሚቀርብ ጊዜ የተሣለ ነው። በማስረጃነት ብንመዝነው የገነተ ማርያም ግድግዳ ይበልጣል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የእነሱን ሥዕል አንድ ትምህርት ቤት ያለፈ የኖርዌይ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛን፣ ከላሊበላ ከተማ ይህን ያህል የማይርቀውን፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ከተማሩት ስንቱ ያውቀዋል? ላሊበላ ላይ አድሮ የሚመለሰው እንግዳ ራሱ አብዛኛው እዚህ ሳይደርስ ነው የሚሄደው።

አሁን ለጥያቄዬ የሚቀርበው ሰው ላይ ደረስኩ። ሶንድረ ኖርሃይም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1825 ቴሌማርክ በሚባል አውራጃ፣ ሞርጌዳል በተባለ መንደር ተወለደ። የራሱ መሬት አልነበረውም፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ በጉልበቱ የሚከፍል፣ በእኛ አነጋገር ጭሰኛ ነበር። በሱ ጊዜ ስኪ ከጫማ ጋር የሚታሰረው በጣት በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ ልቅ ስለሆነ ሲዘልሉ ወይም ሲታጠፉ ሳንቃው ከእግር ይወልቃል። ኖርሃይም ቀጫጭን የዛፍ ቅርንጫፍ አጣምሞ ተረከዙን ዙሪያውን የሚይዝ ማሰሪያ ሠራ። ሳንቃውንም ከወገቡ አጥብቦ ጠረበው፤ ያን ጊዜ መጠምዘዝ ቀላል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1868፣ አርባ ዓመት አልፎት፣ ዛሬ ኦስሎ ወደምትባለው ከተማ ወርዶ ተወዳደረ፤ የከተማው ሰው እንደዚያ ሲዘል፣ እንደዚያ ሲታጠፍ ሰው አይቶ አያውቅም ነበርና አጨበጨበለት። ዛሬ በዓለም ላይ ተራራ የሚወርድ ስኪ ሁሉ ወገቡ ጠበብ ያለ ነው። የዚያ ጭሰኛ እጅ አለበት።

ታዲያ ጭብጨባው እንጀራ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1884 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የደረሰበት ሰሜን ዳኮታ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ለስኪ የሚሆን ተራራ የለበትም። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1897 ሞተ። ሐውልቱ፣ ሙዚየሙ፣ ስሙ የመጣው ኋላ ነው።

ለምን ኋላ መጣ? ኖርዌይ ለብዙ ዘመን በዴንማርክ፣ ከዚያም እስከ 1905 ድረስ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች። እኛ ማን ነን ብለው ሲጠይቁ ቤተ መንግሥታቸውም፣ ሰነዳቸውም፣ የጽሕፈት ቋንቋቸውም የሌላ ጣት ነበረበት። የገበሬው ሳንቃ ግን የራሳቸው ሆኖ ታያቸው። እ.ኤ.አ. በ1883 ስኪን የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሙዚየሙን የያዘው እሱ ማኅበር ነው። ፍሪድጆፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ግሪንላንድን በስኪ ሲያቋርጥ፣ ሮአል አሙንድሰን በዲሴምበር 1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ሳንቃው የአገር ባንዲራ ያህል ሆነ።

እዚህ ላይ ሙዚየሙን አንድ ነገር ልንቀፈው። ስኪን ኖርዌይ የወለደችው የሚመስል አቀራረብ ጎብኚውን ያሳስተዋል። የቪሱ ስባሪ ሩሲያ ነው የተገኘው፤ የካልቭትሬስኩ ስዊድን ነው፤ የአልታዮቹን ነግሬአችኋለሁ። በስካንዲኔቪያ ሰሜን የሚኖሩት ሳሚዎች ደግሞ በስኪ ሙያ ከማንም የማያንሱ ሆነው ስማቸው ከዳር ነው የሚጠራው። ናንሰን ግሪንላንድን ያቋረጠው ከአምስት ሰዎች ጋር ነው፤ ከነሱ ሁለቱ ሳሙኤል ባልቶና ኦለ ራቭና የሚባሉ ሳሚዎች ነበሩ። የናንሰንን ስም ያልሰማ የለም፤ የባልቶን ስንቱ ሰምቷል? ሙዚየም ዕቃን ሲያስቀምጥ የሰውንም ደረጃ አብሮ ያስቀምጣል። እኛም ስንጀምር ይህን እንዳንረሳ ነው የማነሣው።

ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አለ። አንድ ብቻም አይደለም።

የመጀመሪያው የሁላችንም ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ሮምና ቶኪዮን ታውቃላችሁ። በ1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚያ ላይ ይዘጋዋል። እሱ ግን አልዘጋም፤ ቀስትና ጠረጴዛ ቴኒስ ተምሮ እንግሊዝ አገር ተወዳደረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1971 ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ ሊቀመጥ አልፈለገም። በውሻ በሚሳብ የበረዶ ጋሪ ውድድር ገብቶ አሥራ ስድስት ሰው በተሰለፈበት አንደኛ ወጣ፤ ሰዓቱም 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር። በባዶ እግሩ የሮምን አስፋልት የረገጠው ሰው እግሩ አልታዘዝ ሲለው በረዶ ላይ አሸነፈ። ይህ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ውስጥ ሰፍሮ ቢነበብ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቆሙ ኖርዌይ በሰንበት መኪና መንዳት ከለከለች። ንጉሡ አምስተኛው ኦላቭ፣ በወጣትነታቸው እዚያው ሆልመንኮለን ላይ የዘለሉ ሰው ናቸው፣ ስኪያቸውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር በከተማው ባቡር ተሳፈሩ፤ ለትኬት ገንዘብ ሲዘረጉ የተነሡት ፎቶግራፍ በአገሩ እጅግ የታወቀ ነው። ይህን ፎቶ ስመለከት ሐሳቤ ወደዚህ መጣ። ያው የነዳጅ ውድነት በ1966 የካቲት የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ሥራ አስቆመ፤ መምህሩም ወታደሩም ተነሣ። ያን ጊዜ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ አባቶቻችሁ የነገሯችሁን እኔ ልደግመው አልችልም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ወጡ። አንድ የነዳጅ ችግር አንዱን ንጉሥ ባቡር ላይ አሳፍሮ የበለጠ አስወደደው፤ የእኛን ዙፋን አፈረሰው። ልዩነቱን ያመጣው ነዳጁ ሳይሆን አስቀድሞ የተጠራቀመው ነው።

በዚያው በመስከረም 1967 አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ሮቤል ዘሚካኤል ተክለማርያም። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሌክ ፕላሲድ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክ በተደረገበት አካባቢ አደገ። እዚያ ስኪ ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲም ሲገባ ለትምህርት ቤቱ ተወዳደረ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ልወዳደር ብሎ ተነሣ። ችግሩ ኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑን ራሱ አቋቋመ። አዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ የለም፤ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አድርጎ አስፋልት ላይ፣ በሰማያዊ ታክሲና በአህያ መካከል ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጣልያን ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በክረምት ኦሊምፒክ ታሪካችን የመጀመሪያው። ልዑኩ ውስጥ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ደረጃው ከሰማንያኛ በታች ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ደገመው።

"ከሰማንያኛ በታች" ሲባል እዚህ የሳቀ አለ፤ ሰምቻለሁ። እኛ የሩጫ አገር ሰዎች አንደኛ ካልሆነ አንቆጥርም። ግን ስለ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ፣ ጃፓን ላይ በ10 ኪሎ ሜትሩ ቦይት የመጨረሻው ነበር። ያሸነፈው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ ነው፤ በዘመኑ ከሱ የሚስተካከል አልነበረም። ዴሊ ሜዳሊያውን ለመቀበል አልቸኮለም፤ ቦይት እስኪገባ ድረስ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀውና አቀፈው። ቦይት ኋላ ለወለደው ልጅ ዴሊ ብሎ ስም አወጣ። ጨርሶ መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው አንደኛ የወጣው ሰው ነበር።

እንግዲህ የአበበ ቢቂላ የበረዶ ጋሪ ፎቶና የሮቤል ስኪ ተገኝተው ቢመጡ የት እናስቀምጣቸዋለን? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው ከመጀመሪያው ጀምረው የደከሙበት ነው። ከሥዕልና ከመስቀሉ ጎን የእርሻ ዕቃ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ቅርጫትና ልብስ ያሳያል፤ ይህን ዓይነት ሐሳብ በአገራችን ቀድሞ የያዘው እሱ ነው። ግን እሱ አዲስ አበባ ነው። ከበግ ጠጉር የሚሸመነው የላስታ ባና የት ነው ያለው?

በረዶ የሌላው አገር ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ ተጽፎ የነበረ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ገልብጦት ነው የደረሰን። ንጉሡ የዘመተባቸውን አገሮች ሲቆጥር ሰሜንን ይጠራል፤ ተራራው በበረዶ የተሸፈነ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት ነው ይላል። ስለ አፍሪካ በረዶ ከተጻፉት እጅግ የቆዩ ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቅርሶች ሲመዘግብ አብረው ነው የገቡት። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ላይ በግ የሚጠብቅ ልጅ ውርጩን የሚችለው በምን እንደሆነ፣ ያን የሚያሞቀውን ልብስ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው የሚናገር አንድ ክፍል በላስታ የለም።

ላስታ መጠበቅ አልቻለም ማለቴ አይደለም። ይህ ሕዝብ መስቀሉን፣ ብራናውን፣ ታቦቱን በሞቱ ጠብቋል። ዕቃ ቤቶቻችሁ ሙዚየም ከሚባል ነገር የቀደሙ ናቸው፤ ደግሞም ዕቃው በአገልግሎት ላይ ያለ ስለሆነ ከመስተዋት ጀርባ ካለው ይበልጥ ሕይወት አለው። መጠበቁ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም እናውቃለን። አፍሮ አይገባ የተባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከቤልጂየም የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። መልኩ በየመጽሐፉ የታወቀ መስቀል ባይሆን ኖሮ ፍለጋው ከዚህም በላይ ይከብድ ነበር። የእኔ ጭንቀት ግን ሌባ እንኳ የማይፈልገው ዕቃ ነው። ይህን ዐለት የፈለፈለው መሮና መዶሻ ዓይነት፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ ጠፍሩ፣ ጭላዳውን ከገብስ የሚያባርረው ወንጭፍ፣ የላስታ ማር የሚቆረጥበት ቀፎ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎ፣ ባናው። ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራውን፣ ከውጭ የሚመጣው ብርድ ልብስ ባናውን እያባረረ ነው። ይባረር ግዴለም፤ ብርድ ልብሱ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፤ እናቶች በፈትል ወገባቸው ይቆረጥ የሚል የለም። ግን ሲሄድ ስሙና አሠራሩ አብሮ ይሄዳል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስናገር ለቱሪስት ነው ወይ ይሉኛል። በኮሮናውና በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ የጠፋበትን ዘመን አስጎብኚዎቹ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ይመጣል ይሄዳል። በሆልመንኮለን ያስቀናኝ ነገር ቱሪስቱ አይደለም። አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከአንድ አሮጌ ስኪ ፊት ቆመው ማሰሪያው እንዴት እንደሚጠመዘዝ በእጃቸው ሲያሳዩት ነው። የተጻፈው ጽሑፍ ያልነገረውን እሳቸው ነገሩት።

ለመጀመር ሕንፃ አያስፈልግም፤ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት እስኪመጣም አንጠብቅ። ትምህርት ቤቱ አንድ ቁልፍ ያለው ክፍልና አንድ ወፍራም መዝገብ ቢሰጥ ይበቃል። ዕቃውን መግዛት አይገባም፤ ገንዘብ ከገባ በኋላ ነገ አሮጌ የሚመስል አዲስ ዕቃ መሥራት ይመጣል፤ ይህ በሌላ ቦታ ታይቷል። የሚሰጥ ይስጥ፣ የማይሰጥ ደግሞ በቤቱ እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ ይመዝገብለት። የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ለካህናቱ ነው፤ እዚህ አይገባም፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ። ተማሪዎች ደግሞ ክረምት ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ገጽ ባና ይሁን ባይ ነኝ። ጠጉሩ ከየትኛው ተራራ በግ እንደተሸለተ፣ ማን እንደፈተለችው፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ሸማኔው ማን እንደሆነና በገንዘብ ወይስ በእህል እንደተከፈለው፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ የተቀደደው ቦታ በምን እንደተጣፈ። ስም ሲጻፍ የሠራተኛይቱ ስም ከባለቤቱ ስም በፊት ይጻፍ፤ የባልቶን ነገር አንርሳ።

መምህራኑ መዝገቡን ማን ይይዛል በሚለው ላይ ሳትስማሙ እንደቆያችሁ ሰምቻለሁ። እኔ ለሁለት ሰው ይሰጥ እላለሁ፤ አንድ ከትምህርት ቤት፣ አንዲት ከእናቶች። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ፣ እንነጋገርበት።